ውሃው ከታች ነበረ

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ጤፍ ላይ እጁ የተባረከ፣ ምክር ሲሰጡት ግን ጆሮው የሚከብድ።

መሪጌታ ይባቤ ነገሩን የጀመሩት እንዲህ ነው። ቢምረው የሚባል ሰው መጥቶ «የኔታ፣ ታላቋን ልጄን በቁጣ አሳደግኋት፣ ሰው ሆነች። ታናሿን በዚያው ቁጣ ባሳድጋት ይኸው ወር ሙሉ አታናግረኝም። ዛሬ ጠዋት ደግሞ እኔን ስታይ አለቀሰች። ምን አጠፋሁ?» ብሏቸው ነበር።

ያ ያልኩህ ገበሬ ጤፍ ሲዘራ፣ እንደ አገሩ ወግ፣ እርጥቡን ማሳ በከብት ያስረግጣል። የጤፍ ዘር ደቃቅ ነውና ጠበቅ ያለ መሬት ይወዳል፤ አማረለት። በዓመቱ በቆሎ ዘራ። «ጤፉን ያሳመረልኝ መርገጡ ነው» ብሎ፣ ዝናብ ባጨቀየው የበቆሎ ማሳ ላይ ከብቶቹን ነዳ። ሚስቱ «ኧረ ተው፣ የበቆሎ ሥር እኮ ወደ ታች ነው የሚሄደው» ብትለው፣ «ከኔ ልታውቂ ነው?» አላት። እንዲህ ያለ ሰው ታውቅ ይሆናል፣ ቢምረው።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሁለት ሳምንት ጠፋ። የጎረቤቱ በቆሎ ቀጥ ብሎ ሲቆም የእሱ ቅጠሉ ተጠቀለለ። የዓመት ቀለቡ ያ ማሳ ነበርና፣ ሰውየው ድንበሩ ላይ ተቀምጦ ሰማዩን ወቀሰ። ሚስቱ ዶማ አነሳችና የአንዱን አገዳ ዙሪያ ቆፍራ አሳየችው። ሥሩ አንድ ጋት ያህል ወርዶ፣ የተረገጠው አፈር እምቢ ሲለው ወደ ጎን ታጥፏል። ያን ጠጣር አፈር ሰብራ ከታች እፍኝ አወጣች። እርጥብ ነው።

«ውሃው አለ እኮ» አለችው። «መንገዱን ነው የዘጋህበት።»

ሰውየው አቀረቀረ።

በሦስተኛው ቀን ዘነበ። ዶማውን ይዞ ሊሮጥ ሲል ሚስቱ ክንዱን ያዘችው። «ዛሬ ከገባህ መልሰህ ትረግጠዋለህ። አፈሩን ጨብጠህ በጣትህ ስትጫነው ፍርክስ ካለ፣ ያኔ ግባ።» ይህን ጊዜስ ሰማት። ጠበቀ፤ ከዚያም በየመስመሩ መሃል ቀስ እያለ ኮተኮተ። ሁሉም አልዳነም። የዳነው ግን ለዓመት አደረሳቸው። የመጀመሪያውን እሸት ጠብሶ፣ «ተመስገን፤ አንቺም ኑሪልኝ» ብሎ ለሚስቱ በሁለት እጁ ሰጣት።

መሪጌታ እዚህ ላይ ወደ ቢምረው ዞሩ።

«ታላቋ ልጅህ ጤፍ ነበረች፤ ታናሿ በቆሎ ናት። ወር ሙሉ ዝም ብትልህም ከቤትህ አልወጣችም። ሥሯ አልሞተም ማለት ነውና አመስግን። የዛሬው እንባዋ ደግሞ ዝናቡ ነው። እኔ አንተን አውቅሃለሁ፤ አሁኑኑ ሮጠህ ልትመክራት ነው። ዛሬ እኔ ጋ እደር። ነገ ስትሄድም ምክርህን እዚሁ ተወው። ‹ልጄ፣ አንቺን የሰጠኝ ይመስገን› በላት። ከዚያ ዝም በል፣ እሷ እስክትናገር።»