ለምንሽሩ አንዲት ቀለሃ

ጆሮ ያለው ይስማ፤ እንቅልፉ የመጣበት ደግሞ ተነስቶ ይሂድ፤ እኔ ሳወራ የሚያንጎላጅ ሰው አልወድም። የማወራችሁ እንጉዳይ ስለምትባል ሴት ነው። እንጉዳይ የፈለገችው አንዲት ጥይት ነበር። ሁለት አላለችም፤ አንዲት።

ጣልያን በወጣ በሦስተኛው ዓመት ዝናብ ቀረ። ከብቱ አለቀ። ጅቡ ጥንቡን እስኪበቃው በላና ጥንቡ ሲያልቅበት ወደ ሰው ቤት ዞረ። አንዱማ ከእንጉዳይ ደጅ አልሄድ አለ። ቅዳሜ አህያዋን ወሰደ፤ ሰኞ ውሻዋን፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ። መንደርተኛው ጆሮው ላይ ሎቲ አየን አለ። በዚያ አገር ቀጥቃጭ ሁሉ ቡዳ ነው፣ ጅብ ሆኖ ይወጣል፣ ሎቲውን ግን ከጆሮው ማውለቅ አይችልም ይባላላ! እንጉዳይ ሎቲ ይኑረው አይኑረው ግድ አልነበራትም። ባሏ ሞቷል፤ ወንድ ልጇ ማንደፍሮም ሞቷል፤ የቀረቻት ስመኝ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ የቤቷ በር ደግሞ የመቃ ነው። ከአህያና ከውሻ ቀጥሎ የማን ተራ እንደሆነ ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም።

የባሏን ምንሽር ከግድግዳው አወረደች። ባሩድ በቀንድ፣ እርሳስ በጨርቅ ቋጥሮ ትቶላታል። ባሩዱን የሚይዘው የነሐስ ቀፎ፣ ቀለሃው ማለቴ ነው፣ እሱ ግን የለም። ባልየው ጀግና ነበርና ሲቀበር የተረፈች ጥይት ሁሉ ወደ ሰማይ ተተኮሰችለት፤ ቀለሃውንም ተኳሹ ሁሉ ይዞት ሄደ። ክብር ነዋ! ክብሩ ግን ጅብ አላባረረም። እንጉዳይ የጣልያን መትረየስ ከነበረበት ጉብታ ወጥታ በጥፍሯ ስትቆፍር ውላ አንዲት ቀለሃ አገኘች። አምጥታ ብትሞክራት አንገቷ ሰፊ ነው።

ጅቡ አልሄድ አለ። ምንሽሩ አልተኩስ አለ። ቀለሃው አልገባ አለ።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሰጠኝ ወረደች። ሰጠኝ ቀጥቃጭ ነው፤ ቤቱ ከመንደሩ በታች ነው፤ ጠመንጃ የተሰበረበት ሁሉ በጓሮ ይጠራዋል እንጂ በፊት በር የሚያስገባው የለም። እንጉዳይ እዚያ ደጅ ከደረሰች ሦስት ዓመቷ ነው። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ አትቸኩሉ። አሁንም ቢሆን አልቀረበችም፤ አሥር እርምጃ ርቃ ቆማ ቀለሃዋን ወረወረችለት። እሱ ከአፈር አንስቶ ጠረጋት፤ በአውራ ጣቱ አፏን ዳሰሳት።

«እሜቴ፣ ይቺ አንገቷ መጥበብ አለበት» አላት። «በእሳት ሳላለሰልሳት ብቀጠቅጣት ትሰነጠቃለች። የተሰነጠቀች ቀለሃ ደግሞ የምትገድለው ተኳሹን ነው።»

ታዲያ አለስልሳት አለችው። እሱም ወናፉን አወጣ። እሱስ ምን ይበል፤ አሳያት። ቆዳው ደርቆ እንደ ገበሬ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል። ወናፍ ካልነፋ ፍም አይግልም፤ ይሄ ቆዳ ደግሞ ቀን ከሌሊት ውሃ ውስጥ ካልዋለ ካላደረ አይነፋም። የታችኛው ወንዝ ጭቃ ብቻ ሆኗል። ሚስቱ ጠጅቱ መዝጊያው ጋ ተቀምጣ ነበር፤ አንገቷን ቀና አላደረገችም።

ጅቡ አልሄድ አለ። ምንሽሩ አልተኩስ አለ። ቀለሃው አልገባ አለ። ነሐሱ አልለሰልስ አለ። ፍሙ አልግል አለ። ወናፉ አልነፋ አለ።

እንጉዳይ እንስራዋን አዝላ ወደ ላይኛው ምንጭ ወጣች። ምንጩ በእሾህ ታጥሯል፤ ጠባቂው አያ ደምስ የሚባል ጦረኛ ሽማግሌ ነው፤ አንድ ዓይኑን ለጣልያን ሰጥቷል፤ በቀረው ግን የሁለት ሰው ያያል። ውሃው ለማን ነው አላት። መዋሸት ትችል ነበር፤ ግን አገሩ ሁሉ ተማምሏል፤ ከዚህ ምንጭ ቀጥቃጭ እንዳይቀዳ፣ የቀዳለትም ሰው በልጁ ይድረስበት ተብሎ ተማምሏል። በልጅ የመጣን መሐላ እንጉዳይ ልትደፍር? እውነቱን ነገረችው። ደምስም አዘነ፤ አጥሩን ግን አልከፈተም፤ የመንደሩ አለቃ ጭቃ ሹሙ ይዘዘኝ አለ።

ጅቡ አልሄድ አለ። ምንሽሩ አልተኩስ አለ። ቀለሃው አልገባ አለ። ነሐሱ አልለሰልስ አለ። ፍሙ አልግል አለ። ወናፉ አልነፋ አለ። አጥሩ አልከፈት አለ።

ጭቃ ሹም ተድላ ቤት ስትደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ነገሯን ሁሉ ዘረገፈችለት፤ ጅቡን፣ ምንሽሩን፣ ቀለሃውን፣ ወናፉን፣ አጥሩን። ሰውየው እስክትጨርስ ሰማት።

«እንጉዳይ» አላት፣ «አገር የማለው በአንድ ሰው ክስ ነው። ከሳሹ ቃሉን ካነሳ መሐላውም ይነሳል። ከሳሿ ደግሞ አንቺ ነሽ።»

እንግዲህ ከሳሿ እሷ መሆኗን ታውቅ ነበር። ከጠዋት ጀምራ ታውቃለች፤ ዞሮ ዞሮ መንገዱ እሷው ቤት እንደሚገባ ግን ልቧ አልነገራትም። ከሦስት ዓመት በፊት ምንጩ ዳር ጠጅቱ የማንደፍሮን አገጭ ይዛ «እንዴት ያምራል» ብላ ነበር። በዚያው ቀን ልጁን ትኩሳት ያዘው፤ በሦስተኛው ቀን ተቀበረ። እንጉዳይ መቃብሩ ላይ ቆማ ጠጅቱ በላችብኝ ብላ ጮኸች። ያን ክረምት ንዳድ ከመንደሩ ሰባት ልጅ ወስዷል፤ እሱንም ታውቃለች። ቢሆንም ጠጅቱን ስትጠላ ልጇ በከንቱ የሞተ አይመስላትም ነበር። ቃሏን ካነሳች ማንን ትጥላ? እግዜርን?

አልልም አለች። ጭቃ ሹሙ ቢለምናት አልልም። ጎረቤት ቢመክራት አልልም። እሷም ከሌሎቹ ጋር ተሰለፈች፤ ጅቡ አልሄድ አለ፣ ምንሽሩ አልተኩስ አለ፣ ቀለሃው አልገባ አለ፣ ነሐሱ አልለሰልስ አለ፣ ፍሙ አልግል አለ፣ ወናፉ አልነፋ አለ፣ አጥሩ አልከፈት አለ፣ እንጉዳይም አልልም አለች።

ጅቡ ግን ቀጠሮ አያፈርስም። የዚያኑ ዕለት እሷ ቤቷ እንደገባች፣ ገና ጀንበር ሳትጠልቅ፣ የመቃውን በር ጥሶ ገባና ስመኝን በቀኝ እጇ ያዛት። እንጉዳይ ዘነዘናውን አንስታ ራስ ራሱን ስትለው፣ ስትለው፣ ለቀቃት። ልጅቱን አልወሰደም። ሁለት ጣቷን ወሰደ።

ረቡዕ ጠዋት እንጉዳይ ልጇን በአንሶላ አዝላ ምንጩ ዳር ቆመች። ሰዉ ተሰበሰበ። 

«ማንደፍሮን የገደለው ንዳድ ነው» አለች። «ጠጅቱ አይደለችም። ያኔም አውቅ ነበር።»

ከዚያ ወዲያማ ማን ይያዘው! እንጉዳይ ቃሏን አነሳች፤ ጭቃ ሹሙ መሐላውን አነሳ፤ ደምስ አጥሩን ከፈተ፤ ውሃው በስመኝ ፋንታ በእንጉዳይ ጀርባ ወደ ታች ወረደ። ይህን ጊዜ አሥር እርምጃ ርቃ አልቆመችም፤ ሰጠኝ ቤት ገባች። ወናፉ ዋለ፤ አደረ፤ ራሰ። ሐሙስ ጠዋት ጠጅቱ ወናፉን ይዛ ነፋች፤ ፍሙ ጋለ፤ ነሐሱ ቀላ፤ ለሰለሰ። ሰጠኝ በጉጠት አውጥቶ አንገቷን በትንሹ፣ በትንሹ፣ እያዞረ አጠበባት። ትልቅ መዶሻ አልነካም፤ እንቁላል የሚሰብር ሰው እንኳ ከዚያ የበለጠ ኃይል ይጠቀማል።

እንጉዳይ ስመኝን ታቅፋ ትመለከታለች። ቤቱን ስትቃኝ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ የማዘያ አንቀልባ ተሰቅላ አየች፤ ልጅ ግን በቤቱ የለም። እነዚህን ሦስት ዓመታት ያንን የታችኛውን ወንዝ ውሃ እንዴት ቻላችሁት ብላ ጠየቀች።

ጠጅቱ ወናፏን አላቆመችም። «እኛ ቻልነው» አለች። «ትንሿ አልቻለችውም።»

እንጉዳይ ልጅ መወለዷንም አልሰማችም፤ መሞቷንም አልሰማችም። ቀጥቃጭ ቤት ለቅሶ የሚደርስ አልነበረማ! ስመኝን መደብ ላይ አስቀመጠች። ተነስታ ጠጅቱ አጠገብ ተቀመጠችና የወናፉን አንዱን አፍ ያዘች። ከዚያ ሁለቱም እስኪጨርሱ ነፉ፤ እንጉዳይ እያለቀሰች፣ ጠጅቱ ግን ሳታለቅስ፤ የሷ እንባ አልቋል።

ቀለሃዋ ቀዘቀዘች፤ ባሩድ ጎረሰች፤ እርሳስ ነከሰች። ሰጠኝ ጠርጎ በእጇ ሰጣት፤ እሷም ከእጁ ተቀበለችው።

ዓርብ ከሰዓት ጅቡ መጣ። ቀለሃው ገባ። ምንሽሩ ተኮሰ። ጅቡ ደጃፏ ላይ ወደቀ።

ተኩሱን የሰማ ሁሉ ሮጦ ደረሰ፤ እንኳን ተረፍሽ ለማለት መሰላችሁ? ሎቲውን ለማየት ነው። አንገታቸውን እያሰገጉ ከበቡት። እንጉዳይ ተንበርክካ ግራ ጆሮውን ገለበጠች። መዥገር ነበረበት። ቀኙን ገለበጠች። እሱም መዥገር ነበረበት።

«እዩ» አለች፤ «ጆሮ ነው።»

 በዚያው ሰዓት ጠጅቱ እንስራዋን አዝላ ከታች ወጣች፤ በመካከላቸው አልፋ ወደ ላይኛው ምንጭ ሄደች። አያ ደምስ ቀድሞ ተነስቶ እሾሁን ገለል አደረገላት፤ ቀዳች።

እኔም የተቀበልኩትን ይኸው አስረከብኳችሁ። የጠማው ካለ ይውጣ፤ ምንጩ ክፍት ነው።