በጭሱ ያፈረው ባለ ሞተር

ሞተሩ የሚያጨስበት አንድ ሰው ነበረ። ሥራው የከብት ሐኪምነት ነው።

ቆይ እንጂ አንዳርጌ፣ ፊትህን አታጨማድድ። ጥያቄህን ሰምቻለሁ። በእድራችን ስብሰባ ማጉረምረም በዛ ብለህ፣ ያጉረመረመ ሰው ይቀጣ አልክ፤ ሞከርከው፤ ባለፈው እሁድም ስብሰባው ጸጥ ብሎ አለቀ። አሁን ደግሞ «ቅጣቱን በመተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ ላስገባው ወይ፣ ጋሼ ምን ይላሉ?» ነው ያልከኝ። እመልስልሃለሁ። ሊቀመንበር ብንልህ ጊዜ መቸኮል ጀመርክ እንዴ? መጀመሪያ የዚህን ሰው ነገር ስማ። ደግሞ ስለ ራሳቸው ነው የሚያወሩት እንዳትል፤ እኔ ሞተር ላይ ከምወጣ ጅብ ብጋልብ ይቀለኛል።

ይህ ሰው ከአንዲት ትንሽ የወረዳ ከተማ ተቀምጦ፣ በየገጠሩ እየዞረ ከብት ይከትብ ነበር። ሞተሩን መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ናት ብሎ ሲሸጣት ነው የገዛት። ያቺ ትንሿ፣ ለድንጋይና ለጭቃ መንገድ የተሠራችው፣ ስትሄድ እንደ ንብ የምትጮኸው ዓይነት ናት። ወደዳት። ምን ወደዳት ብቻ፣ አበደላት! ጭቃ እንዳይጠቀጠቅባት የፊት ፓራፋንጎዋን ከጎማው ከፍ አድርጎ አሰራት። ዳገት እንድትወጣለት ካቴናው የሚዞርበትን የኋላ ጥርስ በትልቅ ቀየረው። መሪዋን በቁመቱ ልክ አስቆረጠ። የጭስ መውጫዋን፣ ማርሚታዋን፣ በያጅ አስከፍቶ የጠቆረ ሆዷን አስጠረገና መልሶ አስበየደ። ታንከሯን ቀይ ቀባ። የዘይት ዕቃ የሚታሰርባትን ትንሽ ብረት ሳይቀር፣ ታስጠላለች ብሎ ነቅሎ ጣላት። እጀ ወርቅ ነበር፤ እሱን አልክደውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት ሰው አዲስ ናት ብሎ ይምላል።

አንድ ነገር ብቻ አልስተካከል አለው፤ ጭሱ።

ይህ ዓይነቱ ሞተር እንደ መኪና ዘይቱ ለብቻው ከታች አይቀመጥም። ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር አደባልቀህ ነው የምታጠጣው። ዘይቱ የውስጡን ብረት አለስልሶ ሲያበቃ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይነድና በማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ተፈጥሮው ነው፣ ምን ታደርገዋለህ! እናም ሰውየው በከተማዋ ዋና መንገድ ባለፈ ቁጥር ሻይ ቤት በረንዳ ላይ የተቀመጡት ጎረምሶች፣ ቤት ለቤት መድኃኒት የሚረጨው ሰው የመጣ ይመስል፣ «ወባ አጥፊው መጣ! ዕቃችሁን አውጡ!» እያሉ ይንከተከቱበታል። ሴቶቹ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ይይዛሉ። ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጫማውን ወልውሎ የሚወጣ፣ ገና ያላገባ ሰው ነውና ውስጡ አረረ።

ምን አደረገ መሰለህ? ከዘይቱ ቀነሰ። ሳያውቅ ቢሆን ባልፈረድኩበት፤ እያወቀ ነው። መጀመሪያ ትንሽ ቀነሰ፤ ምንም አልሆነም። እንደገና ቀነሰ፤ አሁንም ምንም አልሆነም። እንዲያውም ጭሱ ሳሳ፣ ድምጿም ጠራ። «ለካስ ዘይት አብዙ የሚሉን ዘይት ሻጮቹ ናቸው!» አለ። ጋራዥ ያለው አንድ ወዳጁ ነበር፤ «ኧረ ተው፣ ይህቺ ሞተር አንድ ቀን ተጣብቃ ትቀርብሃለች» ቢለው፣ «ትጣበቃለች? ይኸው እየበረረች!» ብሎ ጋዙን ስቦ አሳየው። ወዳጁም ምን ያድርግ፣ ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ሥራው ተመለሰ።

በመጨረሻ ጭሱ ጠፋ። ጭራሽ! ሰውየው በሻይ ቤቱ በር ሆን ብሎ ወጣ ወረደ፤ ቀና ብሎ ያየው እንኳ የለም። ያን ዕለት ሙሽራ መስሎ ዋለ።

ከዚያ በኋላ ነው፣ ከዳገቱ በላይ ካለች አንዲት ቀበሌ መልእክት የመጣው። በሬ ወድቋል፤ አባ ሰንጋ ነው። አባ ሰንጋን መቼም ታውቀዋለህ፤ ከብቱ አይበቃውም፣ ሥጋውን የበላውንም ሰው ይዞ ይሄዳል። ክትባቱ የሚጓዘው በሳጥን ውስጥ በበረዶ ታሽጎ ነው። በረዶው ከቀለጠ መድኃኒቱ እንዲሁ ውኃ ማለት ነው። ባለፈው ዓመት እዚችው ቀበሌ ሲደርስ በረዶው ቀልጦበት ነበር። ገበሬዎቹ ከብቶቻቸውን ሳያሰማሩ ሲጠብቁት ውለው በባዶ ተመልሰዋል፤ ተቀይመውታልም። አሁን ደግሞ የላኩበት ቃል ይህ ነው፦ «አንድ ጊዜ እንመንህ። ከብቱን እስከ ቀትር በረት ውስጥ እንይዝልሃለን። ከዚያ ወዲያ ግን የተራበ ከብት ይዘን አንቆምም፤ እንለቀዋለን።» ከተለቀቀ የሚሄደው የወደቀው በሬ ሲግጥበት ወደነበረው፣ በሽታው ወዳለበት ሜዳ ነው። ሰውየው ይህን ያውቃል። ቢዘገይ የዚያች ቀበሌ ከብት አለቀ፤ እሱንም ሁለተኛ የሚያምነው የለም።

በማለዳ ሳጥኑን ከኋላው ጠፍሮ ወጣ። ሜዳውን እየዘመረ ነው ያለፈው። ዳገቱ ግን ረጅም ነው፣ ድንጋይ ነው። ማርሹን አወረደና ጋዙን ሙሉ ለሙሉ ከፍቶ ተያያዘው። ከግማሽ በላይ ሲደርስ የሞተሯ ድምፅ ቀጠነ። ቅጥነቱ ደስ አላለውም፤ ሆኖም «ትንሽ ብቻ፣ ትንሽ ብቻ» እያለ ነዳት። ወዲያው የኋላ ጎማዋ ቀጥ አለ! ፍሪሲዮኑን ይዞ ሳይጨርስ ጠጠሩ ላይ ተንሸራትቶ በጎኑ ወደቀ። ተነሥቶ ከገዛ ጉልበቱ በፊት ሳጥኑን ዳሰሰ፤ ደኅና ነው። ማስነሻ መርገጫዋን ቢረግጣት አትነቃነቅም። ሁለመናውን ጭኖ ቢቆምባትም አትነቃነቅም። ዘይት ያጣው ብረት ግሎ፣ አብጦ፣ ፒስተኑና ሲሊንደሩ ተነካክሰው ቀርተዋል።

«ወይኔ! ወይኔ!» አለ። መንገዱ ዳር ተቀመጠና አለቀሰ። ትልቅ ሰው ነው እኮ፣ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። በእግሩ እንዳይሄድ ሩቅ ነው፣ ሳጥኑም ይከብዳል። እዚያ ላይ ሰዎቹ በረት ዘግተው መንገድ መንገድ ያያሉ። «ማንም አላደረገብኝም፤ እኔው ነኝ። ጎረምሳ ሳቀብኝ ብዬ የሰው ከብት ላስፈጅ ነው!» አለ።

ከመንገዱ ከፍ ብላ አንዲት ጎጆ ነበረች። ደጃፏ ላይ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ተቀምጠው፣ የእርሻቸውን ጠፍር ዘይት እየቀቡ ያሻሉ። ሮጦ ወጣ።

«አባቴ፣ እባክዎ ዘይት ይኖርዎታል?»

«የምን ዘይት? ለወጥ ከሆነ የለንም። ይቺ የጉሎ ናት፤ ጠፍር ማለስለሻ።»

«እሷኑ ይስጡኝ።»

ሽማግሌው ሞተሯን አዩ፣ እሱን አዩ። «ሞተር ደግሞ የጉሎ ዘይት ይጠጣል እንዴ?»

«ሲጠማው ምን ያደርጋል! ያስጠማሁት እኔ ነኝ፣ አባቴ» አላቸው።

ሽማግሌው ቅሉን ከነዘይቱ አንሥተው ተከተሉት።

እሳት የምትጭረውን ካንዴላዋን ፈታ። በቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጠብ አደረገና እስክትበርድ ጠበቀ። የዚያን ጊዜ ጭንቀት! ፀሐይ ትወጣለች፣ በረዶው ይቀልጣል፣ እሱ ብረት እስኪቀዘቅዝ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ሽማግሌው እንኳ አሳዘናቸውና ጋቢያቸውን አውልቀው ሳጥኑን አለበሱለት። ከበረደች በኋላ ማርሽ አስገብተው አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ይዘው ወዘወዟት። እምቢ! እንደገና ጠብ አደረገላት። ወዘወዟት። «ቀስ! ቀስ በል!» ይላሉ ሽማግሌው፣ ላም የሚያዋልዱ ይመስል። ድንገት ውስጧ አንድ ነገር ለቀቅ ሲል እጁ ላይ ተሰማው። ተፈታች!

የቀረውን ዘይት ታንከሯ ውስጥ ገልብጦ ከቤንዚኑ ጋር እስኪዋሃድ ሁለቱም ይዘው ናጧት። ካንዴላዋን ጠራርጎ መለሰ። ረገጠ፤ የለችም። ረገጠ፤ ሳለች። ረገጠ፤ ተነሣች! ምን የመሰለ ጭስ ለቀቀች መሰለህ! ዶሮዎቹ ተበተኑ፣ ሽማግሌው ሳል በሳል ሆኑ፣ እሱ ጭሱ መሃል ቆሞ እንባውን እንኳ ሳይጠርግ ይስቃል። «እሰይ! እሰይ የኔ እናት!» ይላል፤ ለሞተር! ሽማግሌውን ጉልበታቸውን ስሞ ጋቢያቸውን መለሰላቸው። እሳቸውም እየሳሉ መረቁት።

ከዚያ በኋላ ሳያስጮኻት፣ ቀስ ብሎ ወጣ። በየመታጠፊያው ዞር ይልና ጭሱ መኖሩን ያያል። አለ። «ተመስገን!» ይላል። ሌላ መታጠፊያ፤ ዞር ይላል፤ አሁንም አለ። እንዲያ እያለ፣ ያሳፈረውን ነገር እያመሰገነ፣ ዳገቱን ጨረሰ።

ሲደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ሰዎቹ ተስፋ ቆርጠው ከብቱን ሊለቁ የበረቱን መዝጊያ መሳብ ጀምረዋል። «ዝጉ! ዝጉት! መጣ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ሰውየው ሳጥኑን ከፈተው። የሎሚ ፍሬ የምታህል በረዶ ውኃው ላይ ትዋልላለች። መድኃኒቱ ቀዝቃዛ ነው! እጅጌውን ሰብስቦ መርፌውን አነሣ። ከዚያ እስኪመሽ ከተበ። በዚያ ዓመት በዚያች ቀበሌ ሌላ በሬ አልወደቀም።

ይኸው ነው። አሁን ወዳንተ ልምጣ፣ አቶ ሊቀመንበር።

እድራችንን እንደዚያች ሞተር ቁጠራት። አንተ ከተመረጥክ ወዲህ ድንኳኑን አሳጠብክ፣ አግዳሚ ወንበሮቹን ቀለም አስቀባህ፣ የለቅሶ ቤት ተረኞችን መደብክ። እጅህ ይባረክ። ጭሱ ግን አሳፈረህ። የላይ ሰፈር እድር ሰዎች «የእናንተ ስብሰባ ገበያ ነው» ብለው እንደሳቁብህ ሰምቻለሁ። አስካለ በየወሩ ትነሣና «ድንኳኑ ተቀደደ፣ ድስቱ ሳይታጠብ ተመለሰ፣ በእከሌ ለቅሶ ላይ ሰው አነሰ» ትላለች። አንተን የምታዋርድህ መሰለህ። ሞኝ! ያቺ ሴት እድሩ የራሴ ነው ስለምትል ነው የምትጮኸው። ያ የራሴ ባይነት ዘይቱ ነው፤ ጉርምርምታዋ ጭሱ ነው። ዘይቱ ይኑርልኝ፣ ጭሱ ይቅርልኝ ብትል አይሆንልህም፤ አብረው ናቸው የሚነዱት። ዘይት ሲበዛም ካንዴላ እንደሚታፈን አውቃለሁ፤ ተራ አስጠብቅ፣ የተደጋገመውን በቃ በል፣ እሱ ሥራህ ነው። ጨርሶ አድርቅ ያለህ ግን ማነው?

ባለፈው እሁድ በጸጥታው አንተ ደስ ሲልህ፣ እኔ ከኋላ ተቀምጬ ፈራሁ። አስካለ እንኳ መሬት መሬት እያየች መጥታ መሬት መሬት እያየች ሄደች። እንዲህ ዝም ያለ ሰው በሚቀጥለው ወር ይቀራል። ከዚያ አንድ ቀን፣ አስከሬን ቤት ውስጥ ተኝቶ፣ ለቀስተኛው ደጅ ቆሞ፣ ድንኳን የሚተክል ሰው እናጣለን። ያኔ ነው ጎማው ቀጥ የሚለው።

ግን ገና ነው። እሰይ፣ ገና ነው! ደንቡ አልጸደቀም፣ አስካለም ጎረቤታችን ናት። ከማጽደቅህ በፊት መጥተህ ስለጠየቅኸኝ ምን ያህል እንዳሳረፍከኝ አታውቅም፤ ከእሁድ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። አንተም ተነፈስክ መሰለኝ፣ ፊትህ ተፈታ። በል አሁን ተነሥተህ ቤቷ ሂድ። «እትዬ አስካለ፣ ድንኳኑ የት ጋ ነው የተቀደደው?» በላት። ስትጀምርልህ ሰዓትህን እንዳታይ። ብትቆጣህ፣ ብትሰድብህ፣ ደስ ይበልህና እስክትጨርስ ስማት። ዝም ካለችህ ግን አትቀመጥ፤ ሮጠህ ጥራኝ፣ ሁለታችንም ሄደን እንለምናታለን።