የዋንዛ በር የወሬ ቀረጥ

በዋንዛ በር የቅዳሜ ገበያ መግቢያ፣ ከዋርካው ሥር፣ እስከ አንገቱ የተቀበረ ጋን አለ። ከሩቅ የመጣ ነጋዴ ሁሉ ጭነቱን ሳያራግፍ ከዚያ ጋን ውሃ ይጠጣል፤ በመንገድ ያየውንና የሰማውንም ይናገራል። ውሃ የምትቀዳውን ሴት ቀረጥ የሚጠይቃት የለም። ዘንድሮ አንድ ደረሰኝ የያዘ ሹም መጥቶ «ይቺ ሴትዮ ትነግዳለች ወይስ አትነግድም?» እያለ አደረቀኝ። ይህን ነገር ስንት ጊዜ እንደተናገርኩት እግዜር ይወቀው፤ ደክሞኛል። ይሁን፣ አንዴ ልድገመው።

አባቶቻችን እንደሚሉት፣ ዋንዛ በር የአሞሌ ነጋዴዎች ማረፊያ በነበረበት ዘመን፣ ይመኙሻል የምትባል ሴት ነበረች፤ ቢተው የሚባል ባሏ ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ቆላ እንደወረደ ሰባት ዓመት ቀረባት። እሷም በየቅዳሜው ውሃ ተሸክማ እየመጣች ከዋርካው ሥር ትቀመጥና ለመንገደኛው ሁሉ በነጻ ታጠጣ ነበር። የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቢተው የሚባል፣ ግራ ጆሮው የተቆረጠ ሰው አላያችሁም?» አላየንም ይሏታል፤ ቅሏን አለቅልቃ ለሚቀጥለው ትቀዳለች። ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው። እኔስ ሳወራው እንኳ ወገቤን ያመኛል።

የገበያው ቀራጭ ደምለው ይባላል፤ ከአሥር አንድ የሚያነሣ፣ ለእናቱም የማይምር ሰው ነበር አሉ። አንድ ቅዳሜ መጥቶ ከፊቷ ቆመ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ቀረጥሽን አምጪ።»

«ምን ሸጬ ጌታዬ?»

«ውሃ ሰጥተሽ ወሬ ትቀበያለሽ። ይሄ ንግድ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?»

«እንግዲያው ከተቀበልኩት ይውሰዱ» አለችው፤ ድካም እንጂ ድፍረት አልነበረም። «ከአሥር መንገደኛ የአንዱ ወሬ የእርስዎ ይሁን።»

ገበያተኛው ሳቀ፤ ደምለው ግን በገዛ ሕጉ ታሠረና እሺ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥረኛው መንገደኛ ውሃውን ጠጥቶ፣ ለእሷ ምንም ሳይተነፍስ፣ ቀራጩ ወደተቀመጠበት ድንጋይ ይሄዳል። ደምለውም ስለ ወንዝ ሙላት፣ ስለ ሰው ሠርግ፣ ስለ በቅሎ ሕመም እያዛጋ ሲሰማ ይውላል።

በሦስተኛው ወር አሥረኛ ሆኖ የመጣው ሽማግሌ ነጋዴ ግራ ጆሮው ስለተቆረጠ ቢተው ስለሚባል ሰው ነገረው። ንዳድ ገድሎት ቆላ ከቀበሩት ስድስት ዓመት አልፎት ነበር። ወይ ጉድ! ያን ያህል ዘመን የተለመነ ወሬ፣ የመጣ ቀን ቀረጥ ሆኖ ቀራጩ እጅ ገባ። ደምለው ሊደብቀው አስቦ ነበር ይባላል፤ ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? ነገር ግን አሥራ አንደኛውን «ቢተው የሚባል…» ብላ ስትጠይቅ ሲሰማት አላስቻለውም።

«እመት ይመኙሻል፣ የወሰድኩትን ልመልስ መጣሁ።»

«የተቀረጠ ነገር ይመለሳል እንዴ ጌታዬ?»

«ይሄ ይመለሳል» አለና ነገራት።

አልጮኸችም ይላሉ። «ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ ሞተ ሰው ስጠይቅ ኖርኩ!» ብቻ ብላ፣ ቅሏን እዚያው ትታ ወደ ቤቷ ሄደች። ተዝካሩን ባወጣች ማግስት ግን ቅዳሜ ነበርና ውሃ ተሸክማ ከች አለች።

«አሁንስ ማንን ልትጠብቂ ነው?» አላት ደምለው።

ከገበያው ዳር ቆመው መንገድ መንገዱን የሚያዩትን ሴቶች አሳየችው። «እኔስ ቁርጤን አውቄ አረፍኩ። እነሱ ገና ናቸው።»

ደምለው እንስራዋን ከጀርባዋ አወረደላት። ከዚያ ወዲያ በዋንዛ በር ውሃ አልተቀረጠም ይባላል።

ይህን ስነግረው ሹሙ ደረሰኙን ኪሱ ከተተና ውሃ ለመነ። ሴትዮዋ ቀድታ ሰጠችው፤ ጠጥቶ እስኪጨርስም ጠበቀችው።

«የኔ ልጅ፣ ፈንታዬ የምትባል፣ ለሥራ ብላ ባሕር የተሻገረች ልጅ አላየህም?»

አላየሁም አላት። ቅሏን አለቅልቃ ለሚቀጥለው ቀዳች።