በእንቆቅልሽ የተሰጠ ማሳ

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነበረ። ታሪኩን ከሰማሁ ብዙ ዘመን ስለሆነ አንዳንዱን ልስት እችላለሁ፤ የማሳውን ስፋትና የሽማግሌዎቹን ቁጥር አስተካክዬ አልነግርሽም ይሆናል። ዋናውን ግን አልስትም። አስካለ፣ ትናንት መጥተሽ፣ «ጋሼ፣ ወንድሜ የአባታችንን ቤት ወረቀት ይዞ መጣና ፈርሚ አለኝ። ላንብበው ስለው ‹ታምኚኛለሽ ወይስ አታምኚኝም?› አለኝ። ነገ ተመልሶ ይመጣል፤ ምን ልበለው?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። መልሴ ይኸው ነው፤ እስክጨርስ ታገሺኝ።

ገበሬው ሥራ አዋቂ ነበረ። የበሬን ሕመም በአረማመዱ ይለያል። እንቆቅልሽ ላይ ግን ምንም አይሆንለትም። ከልጅነቱ ጀምሮ ሰው ፊት ጥያቄ ሲጠየቅ ጆሮው ይግላል፤ ከዚያ ሀፍረት ቶሎ ለመውጣት ሲል አፉ ላይ የመጣለትን ይመልሳል። ሰውም ይስቅበታል።

ከወንዙ ማዶ ደግሞ አንድ ተናጋሪ ሰው ነበረ። የእሱ መሬት ጭንጫ ነው። የገበሬው ማሳ ግን ከምንጭ ሥር ያለች ጥቁር አፈር ናት፤ በዓመት ሁለቴ ታበቅላለች። ገበሬው ሌላ መሬት የለውም። ስድስት ልጅ የሚያሳድገው በዚህችው ነው።

ነሐሴ ላይ ሁለቱም ለአረም ደቦ ተጠርተው አብረው ዋሉ። ቀትር ሲሆን ሥራ ቆመ። ሰዉ ከዛፍ ሥር ጋደም ብሎ ጠላውን ሲጠጣ፣ ተናጋሪው ወደ ገበሬው ዞሮ «እንቆቅልህ?» አለው።

ገበሬው በልቡ «ከዚህ ሁሉ ሰው እኔን ለምን መረጠ?» አለ። ነገር ግን ሁሉም ያዩታል። «ምን አውቅልህ» አለ።

«ጥላህ ወንዝ ላይ ሲያርፍ ይረጥባል ወይስ አይረጥብም?»

«ይረጥባል።»

«ታዲያ በጨረቃ ነው አስጥተህ የምታደርቀው?»

ሰዉ ሳቀ። የአገሩ ልማድ እንዲህ ነው፤ መልስ የሳተ ሰው ለጠያቂው አገር ይሰጣል። ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል፣ የተሸነፈው ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጠዋል፣ ጨዋታውም በዚያው ያልፋል። በእንቆቅልሽ አሸንፎ ከተማ የተረከበ ሰው የለም። ገበሬውም ጎንደርን ሰጠ።

«እሺ ልድገምህ። በቅሎህ ከጎረቤትህ አህያ ብትወልድ ውርንጭላው የአንተ ነው ወይስ የባለ አህያው?»

ገበሬው ንብረቱን የነኩበት መሰለው። «የኔ ነዋ! በቅሎዋ የኔ አይደለች?» አለ ቆጣ ብሎ።

ምሳ ያመጣች አንዲት ሴት ሌማቱን ይዛ እየሳቀች «ኧረ ወንድም ዓለም፣ በቅሎ ወልዳ ታውቃለች?» አለችው። ሌላው ቀበል አድርጎ «የአራስ ገንፎውን መቼ ነው የምንበላው?» አለ። ዛፉ ሥር ያለው ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ተንከባለለ።

«አገር ስጠኝ» አለ ተናጋሪው። «ጎንደር ግን ሩቅ ነው፣ እግሬ ደክሟል። የአሁኑን ቅርብ አድርገው። ከምንጩ ሥር ያለችውን ማሳህን ስጠኝ።»

ከተናጋሪው ጀርባ የተናጋሪው ሚስት ሁለት ወንድሞች ተቀምጠዋል። ሌላው ሁሉ ሲስቅ እነሱ አልሳቁም፤ ዋንጫቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው ጆሯቸውን አቅንተዋል። ገበሬው ይህን አየ። «ይህስ ጨዋታ አይመስልም» አለ በልቡ። ይሁን እንጂ እምቢ ቢል «ጨዋታ አያውቅም፣ ኩርፊያ ብቻ» ሊሉት ነው።

«ሰጥቼሃለሁ» አለ።

«ጉሮሮህን ምን ያዘህ? ከፍ አድርገው እንጂ!»

«ሰጥቼሃለሁ!»

«ሰማችሁ?» አለ ተናጋሪው። ሁለቱ «ሰማን» አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ገበሬው ማሳውን ሄዶ ሳያይ አይውልም ነበር። አፍሮ ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም። ግንቦት ገብቶ በሬዎቹን እየነዳ ወደ ማሳው ሲወርድ፣ ተናጋሪው ግማሹን አርሶ ጠበቀው።

ሽማግሌ ተቀመጠ። የአገሩ ሰው ተሰበሰበ። የገበሬው ሚስት ትንሹን ልጇን አዝላ ከዳር ቆማለች። ተናጋሪው ተነሥቶ «አባቶቼ፣ እኔ ነገር አላበዛም» አለ። «አንድ ቀላል ጥያቄ ብቻ ይመልስልኝ።» ወደ ገበሬውም ዞሮ፣ «በነሐሴው ደቦ፣ ሰው እየሰማ፣ ማሳውን ‹ሰጥቼሃለሁ› ብለኸኛል ወይስ አላልከኝም?»

የገበሬው ጆሮ ጋለ። «ብያለሁ» ቢል ማሳው ሄደ። «አላልኩም» ቢል ሁለቱ ምስክሮች ተነሥተው ውሸታም ያደርጉታል፤ የውሸታምን ማሳ ደግሞ ማን ይሟገትለታል? አፉ እንደ ልማዱ ሊመልስ ተከፈተ። ሚስቱን አያት።

አፉን መልሶ ገጠመው። በትሩን መሬት ላይ አጋድሞ ተቀመጠ።

«መልስ እንጂ!» አለ ተናጋሪው። ገበሬው ዝም አለ። ከኋላ አንዱ «ይኸው እንደ ለመደበት ጠፋው!» ብሎ ሳቀ፤ ሌሎችም ሳቁ። አሁንም ዝም አለ። ሳቁ እየቀነሰ ሄዶ አለቀ። ገበሬው ሳቅ እንደሚያልቅ እስከዚያ ቀን ድረስ አያውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ ሳያልቅ መልስ ይሰጥ ነበርና።

ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ «አባቶቼ፣ ከመመለሴ በፊት ነገሩን ከሥሩ ያስረዳችሁ። ምን ስንባባል እንደሰጠሁት እሱው ይንገራችሁ» አለ።

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ራሱን ነቀነቀና «ተገቢ ነው። በምን ምክንያት ሰጠህ?» ሲል ተናጋሪውን ጠየቀው።

«ጨዋታ ላይ ነበርን።»

«የምን ጨዋታ?»

«ጥያቄ ጠየቅኩት።»

«ምን ብለህ?»

ተናጋሪው የሚስቱን ወንድሞች አየ። እነሱ መሬት መሬት ያያሉ። «በቅሎህ ብትወልድ… ብዬ» አለ፣ ድምፁ እየወረደ።

ሰብሳቢው ጋቢውን አስተካከለ። «እንግዲህ በቅሎዋ የወለደች ዕለት መጥተህ ማሳውን ትረከባለህ» አለው።

አየሽ፣ አስካለ? ይህን ሰው ብልሃት አላዳነውም፤ እንቆቅልሽ እስከ መጨረሻው አልሆነለትም። የዳነው መልስ መፈለጉን ትቶ ጠያቂው ምን እንደሚፈልግ ስላየ ነው። ያንቺም ወንድም እንደዚያ ተናጋሪ ነው። «ታምኚኛለሽ ወይስ አታምኚኝም?» ያለሽ በቅሎዋ ብትወልድ እንደ ማለት ነው። «አምንሃለሁ» ብትዪው እስክሪብቶ ያቀብልሻል፤ «አላምንህም» ብትዪው በዘመድ ፊት ክፉ እህት ያደርግሻል። የጠየቀሽ ስለ እምነት አይደለም፣ ስለ ቤቱ ነው። ነገ ሲመጣ አንዱንም አትመልሺለት። ወረቀቱን ተቀብለሽ ሰው ባለበት እስከ መጨረሻው መስመር አንብቢው። ይቆጣ፣ ይሳቅብሽ፤ እስኪያልቅለት ተቀመጪ። ምናልባት ወንድምሽን ያለ ኃጢአቱ ጠርጥሬው ይሆናል፤ እግዜር ያድርገውና ልሳሳት። ንጹሕ ከሆነ ማንበብሽ አይጎዳውም።

የዚያ ገበሬ ወሬ ለመጨረሻ ጊዜ የደረሰኝ ያኔ፣ ከሽምግልናው ቀጥሎ በነበረው ኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው። ማሳውን ራሱ ዘርቶ ጤፉን እያጨደ ነበር አሉ። ተናጋሪው ግን አሁንም በድንበሩ በኩል ባለፈ ቁጥር ቆም ብሎ «አንዲት ቀላል ጥያቄ ነበረችኝ» ይለዋል አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ምንም አልሰማሁም።