ከኋላ የተቀመጠችው

«ሞተር የሚነዳ ሰው ነበረ» አሉ ሼህ ይማም።

ይህን ያሉት ለእንድሪስ ነው። እንድሪስ ቆላ ወርዶ ሰሊጥ ሊያርስ ቆርጦ ተነስቷል፤ ሚስቱንና ጡት ያልጣለች ልጁንም ይዞ ሊሄድ ነው። አማቱ አለቀሱ፣ ጎረቤት አጉረመረመ። እሱም ሼሁ ዘንድ መጥቶ፣ «አባ፣ እኔ ሙቀቱንም ወባውንም ለምጄዋለሁ። እዚያ ከርሜ ተመልሻለሁ። ለሚመጣው ሁሉ ተዘጋጅቻለሁ። ታዲያ ቤተሰቤን ይዤ ብሄድ ጥፋቴ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። ሼሁ ስለ ሞተረኛው መናገር የጀመሩት ያን ጊዜ ነው።

ሰውየው የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነበር። በየገጠሩ እየዞረ የቆመ ፓምፕ ያስነሳል፤ ኑሮው ሞተሩ ላይ ነው። ሚስቱ ከድጃ ልብስ ሰፊ ናት። የገበያ ቀን ሲሆን የሰፋቻቸውን ቀሚሶች በፌስታል አስራ፣ ከኋላው ተቀምጣ አብራው ትወጣለች። እሷን ገበያው ላይ አውርዶ ወደ ሥራው ያልፋል፤ ሲመለስ ይወስዳታል። እንዲህ ሆነው ብዙ ዓመት ኖረዋል።

ሰውየው ጥንቁቅ ነበር፤ ይህን ልንክደው አይገባም። አንድ የሚያውቀው ሞተረኛ ወድቆ ክንዱ አስፋልት ላይ ሲላጥ ካየ ወዲህ ልቡ ፈራ። ወፍራም የቆዳ ጃኬት ገዛ። ነገር ግን ቆላው መሀል ሲደርስ ጃኬቱ እንደ ምድጃ አቃጠለው፤ ላቡ በጀርባው ይወርዳል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሳምንት ሳይሞላው አውልቆ ኮርቻው ላይ እያሰረ መሄድ ጀመረ። ኮርቻ ላይ የታሰረ ጃኬት ደግሞ ማንንም አያድንም። ስለዚህ ሌላ ሊመርጥ ወሰነና ከድጃን ይዞ ሱቅ ሄደ። የልብስ ነገር ከእሱ ይልቅ ለእሷ ይገባታል።

እሱ የወደደው የሚያብለጨልጭ ጥቁር ጃኬት ነበር። ከድጃ ገልብጣ ስፌቱን አየችና፣ «ይሄ ለፎቶ ነው፤ ገና ሲጎተት ይተረተራል» ብላ መለሰችው። ሌላ አነሳች። ይኸኛው ደረቱና ጀርባው ላይ ነፋስ የሚያስገባ ወንፊት መሰል ጨርቅ አለው፤ ክርኑና ትከሻው ላይ ደግሞ ጠንካራ መከላከያ ገብቶበታል።

«ልበሰውና ሞተርህ ላይ ውጣ» አለችው። «ቆመህ ብትለካው ምን ዋጋ አለው?»

ወጣና መሪውን ያዘ።

«እጅጌው ወደ ላይ ሸሸብህ?»

«ትንሽ።»

«ክንድህን እጠፍ እስቲ። መከላከያው ክርንህ ላይ ነው?»

«ወደ ጎን ሄደ።»

«እንግዲያው ሰፍቶሃል» አለችና ወደ ባለሱቁ ዞረች። «አነስ ያለ የለህም ወንድሜ?»

አነስ ያለው ልክክ አለለት። አላስጨነቀውም፣ አልሞቀውም። ሰውየው እንደ ልጅ ደስ አለው። ባለሱቁ ጃኬቱን እየጠቀለለ፣ «ለእሷስ? አብራህ የምትሄድ ከሆነ የሴትም አለኝ» አለው።

«እሷማ ከኋላዬ ናት» አለ ሰውየው እየሳቀ። «ነፋሱንም አደጋውንም ፊት ለፊት የምቀበለው እኔ ነኝ።»

ክፋት ኖሮበት አልነበረም። ነገሩ ትዝ እንኳ አላለውም። ሄልሜት ለሁለቱም ነበራቸው፤ እሱም ትራፊክ ስለሚቀጣ ነው። ጃኬት አልለበሰችም ብሎ የሚያቆመው ግን የለም። ከድጃ ባሏን አየችው። ከዚያ ሻርፗን አስተካክላ ቀድማ ወጣች።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት፣ ሁለቱም በሞተሩ ላይ ሳሉ፣ መንገድ ሠራተኞች ጠጠር ካፈሰሱበት ጠመዝማዛ ላይ ደረሱ። ሰውየው ፍሬን ያዘ። የፊት ጎማው ከዳው። ሞተሩ በጎኑ ወደቀና ሁለቱንም በጠጠሩ ላይ ይዟቸው ሄደ።

ሰውየው ተነሳ። ክንዱን አጠፈ፤ ይታጠፋል። ትከሻውን ዳሰሰ፤ ደህና ነው። የጃኬቱ እጅጌ ተልጦ መከላከያው ወጥቷል፤ ከሥሩ ያለው ገላው ግን ጭረት እንኳ የለበትም። «አልሐምዱሊላህ!» አለ፤ ጮክ ብሎ፣ ከልቡ።

ዞር ያለው ከዚያ በኋላ ነው።

ከድጃ ጠጠሩ ላይ ተቀምጣለች። የቀሚሷ እጅጌ ተፍቆ አልቋል። ከክርኗ እስከ ትከሻዋ ቆዳ የሚባል ነገር አልቀረም። ቀሚሶቹ ከፌስታሉ ወጥተው መንገዱ ላይ ተበትነዋል። አላለቀሰችም። ቀና ብላ አየችውና፣ «አንተ ደህና ነህ?» አለችው።

ምን እንደሚያደርግ ጨንቆት ጃኬቱን አወለቀና ደረበላት። ጨርቁ ቁስሏን ሲነካው ያን ጊዜ ጮኸች።

ሰው ተሰበሰበ። ሴቶቹ ጃኬቱን ከላይዋ አንስተው ለወንዶቹ አቀበሉና ከድጃን ደግፈው ባጃጅ ውስጥ አስገቧት። ወንዶቹ ጃኬቱን እየተቀባበሉ አገላበጡት። «ይሄ ነው ያተረፈህ!» አለ አንዱ። «ከየት ገዛኸው?» አለ ሌላው። ሦስተኛው ደግሞ የተላጠውን እጅጌ እየዳሰሰ፣ «አመራረጥ ታውቃለህ ወንድሜ» አለው። ሰውየው የመረጠችልኝ እሷ ናት ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ ሳይል ጃኬቱን ተቀብሎ ባጃጁን ተከተለ።

ሐኪሞች ክንዷን አተረፉላት፤ ክርኗ ግን ደርቆ ቀረ። ጨርቁን በስፌት መኪናው መርፌ ሥር የምትገፋው በዚያ እጇ ነበር። ሞከረች፤ ስፌቱ ጠመመ። ደግማ ሞከረች። በመጨረሻ መኪናዋ ላይ ጨርቅ ጣል አድርጋበት ጥግ አስያዘችው።

ሰውየው ወደ ሱቁ ተመለሰና የሴት ጃኬት ገዛ፤ ካለው ሁሉ የሚሻለውን። ስፌቱን ገልብጦ አየ፣ መከላከያውን ተጫነው፤ እሷ ስታደርግ ያየውን ሁሉ አደረገ። ቤት ገብቶ ሊያለብሳት ሲል ግን የማይታጠፈው ክንድ እጅጌው ውስጥ አልገባ አለ። ከፊት ሞከረ፣ ከኋላ ዞሮ ሞከረ። ከድጃ ሲያማት ከንፈሯን ነከሰች።

«ተወው በቃ» አለችው ቀስ ብላ። «አትድከም።»

ከዚያ ወዲህ ከኋላው ተቀምጣ አታውቅም። የምትሄድበት ሲኖር በእግሯ ትሄዳለች። መንገድ ላይ ሲያገኛት ሞተሩን ያቆምላታል፤ እሷም፣ «ሂድ፣ እደርሳለሁ» ትለዋለች። ሰው ምን ሆነሽ ነው ብሎ ሲጠይቃት፣ «መንገዱ ነው» ብላ ታልፋለች። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችውም። ብትወቅሰው በወደደ ነበር፤ ብትጮህበት፣ ብትረግመው። እሷ ግን በደህናው እጇ ምግቡን ታቀርብለታለች፤ እሱም ቀና ብሎ ሳያያት ይበላል።

ሼህ ይማም ወደ እንድሪስ ዞሩ።

«ሰውየው አንተ ነህ» አሉት። «ተዘጋጅቻለሁ አልከኝ፤ እውነትህን ነው። ትኩሳት ሲይዝህ ምን እንደምትውጥ ታውቃለህ። ፀሐዩ ሲከር የት እንደምትጠለል ታውቃለህ። ጃኬትህ ልክህ ነው። ያቺ የምትጠባው ልጅህ ግን ምን ለብሳለች? አጎበር ገዝተህላታል? ሐኪም ቤቱ ከእርሻው ምን ያህል እንደሚርቅ ጠይቀሃል? እናቷስ ቢያማት ማን አጠገቧ ይኖራል? ሂድም አትሂድም አላልኩህም። ለራስህ የተጨነቅከውን ያህል ከኋላህ ለተቀመጡት ተጨንቀሃል ወይ ነው የምልህ።»

እንድሪስ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። «እሷ እኮ እሺ ብላለች አባ» አለ።

«ትላለች እንጂ። የትም ብትሄድ እሺ ብላ ትከተልሃለች፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው። አሁን፣ ገና ሳትነሳ ዞር ብለህ እያት ልጄ። ከወደቃችሁ በኋላ ብትዞር የምታለብሰው ቁስል ነው።»