ሣጥን ሻጩ ሰብሳቢ ሊሆን ሲል

አቶ ድልነሣው በከተማው ብቸኛው የሬሳ ሣጥን ሻጭ ነበሩ። ባለጸጋም ቁጡም ስለሆኑ ማንም ደፍሮ አይናገራቸውም። አንድ ጊዜ ታዲያ የሆስፒታሉን ቦርድ በሰብሳቢነት ካልመራሁ አሉ። በምርጫው ዕለት ብድግ ብለው፣ «ንግዴና ሹመቴ አይነካኩም። ይጋጫሉ የሚል ካለ እዚሁ ፊቴ ይናገር!» አሉ።

የሆስፒታሉን አንሶላ የምታጥብ አንዲት ሴት ከኋላ ተነሣች።

«እኔስ ተቃውሞ የለኝም፣ ጌታዬ» አለች እጅ ነሥታ። «አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። በሽተኛ ሊጠይቁ ሲገቡ ሜትርዎን በር ላይ ይተዉልን።»

አዳራሹ በሳቅ አወካ። አቶ ድልነሣው ሊቆጡ አፋቸውን ቢከፍቱ ሳቅ ቀደማቸው፤ ስማቸውንም ከዕጩዎቹ ዝርዝር በገዛ እጃቸው ሰረዙ።