በዋልካ ላይ የታተመ ደጅ

«ከሥሩ ምን አለ?»

ጋሽ ደገፋ ይህን የጠየቁት ወርቅያንጥፉን ነው። እሷ ሽማግሌው ነገር የሚፈልጉ መስሏት ነበር። ከዱከም ወጣ ብላ ባለችው በዚያች የጥቁር አፈር ሰፈር ዛሬ አንድ ሰው ቤት ሲያሠራም ሆነ ልጅ ሲድር ትልልቆቹ ጣል የሚያደርጓት አባባል አለች። አብዛኛው ሰው ይላታል እንጂ መነሻዋን አያውቅም። መነሻዋ የዚህች ሴት ደጅ ነው።

ወርቅያንጥፉ ረድኤት የምትባል የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አለቻት። ረድኤት ከመኪና አደጋ በኋላ እግሮቿ አልታዘዝ ስላሏት የምትሄደው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ከቤቱ በር እስከ አጥሩ በር ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። በበጋ ሠላሳ እርምጃ ምንም አይደለም። ክረምት ሲገባ ግን ዋልካው ጎማ ይይዛል፣ ጫማ ያወልቃል። ስለዚህ እናቲቱ ልጇን አዝላ እስከ ባጃጁ ታደርሳት ነበር። በሚያዝያ የበልግ ዝናብ ደጁ በጨቀየበት አንድ ጠዋት የክፍል ጓደኞቿ በዚያ ሲያልፉ ረድኤትን በእናቷ ጀርባ ላይ አዩዋት። ማንም አልሳቀም፤ እሷ ግን ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ቦርሳዋን አልጋው ላይ ወረወረችና፣

«እማ፣ መስከረም ላይ ከዚህ በር በራሴ ጎማ ካልወጣሁ ትምህርቱ ይቅርብኝ» አለች።

«ምን ትያለሽ አንቺ? አፍሽን ያዢ!»

«እንዳልኩሽ ነው። ከእንግዲህ አልታዘልም።»

ወርቅያንጥፉ ልጇን ታውቃታለች። አልኩ ካለች አለች ነው። ደግሞስ ከማን ወረሰችው? እናም በማግሥቱ ደጁን ለማስነጠፍ ቆርጣ ተነሳች።

ምክር የማይሰጥ ሰው ጠፋ። አንዱ ኮብልስቶን አለ። ረድኤት «ኮብልስቶን ላይ ስሄድ ጥርሴ ይንገጫገጫል» ብላ ጣለችው። ሌላው የወለል ሸክላ አለ። እሱ ደግሞ ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። በመጨረሻ ሚልኪያስ የሚባል ወጣት ባለሙያ ስልኩን ይዞ መጣ። ሥራው እርጥብ ኮንክሪት ላይ የላስቲክ ማተሚያ እየተጫነ የድንጋይ፣ የጡብ ወይም የሳንቃ መልክ የሚወጣበት ንጣፍ ነው። ሰዉ «ስታምፕ» ይለዋል። ሚልኪያስ ጨዋታ አዋቂ ነበር።

«እትዬ፣ ስምዎ ራሱ ወርቅ ያንጥፉ ይላል! ኮንክሪት እንኳ ለእርስዎ ያንስብዎታል» አለና የሠራቸውን ደጆች ፎቶ ያሳያት ጀመር።

ጎረቤት ሁሉ ስልኩ ላይ ተደፋ። ግድግዳ የሚጋሩት እማማ ድንቄ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «ይሄ! ይሄንን አድርጊ! የሚኒስትር ደጅ ነው የሚመስለው» አሉ። የወንዝ ድንጋይ መልክ ያለው ነበር።

«የድንጋዮቹ መሐል ጥልቅ ነው» አለች ረድኤት። «የፊት ጎማዬን ይነክሰዋል። ያኛው ይሻላል፤ ጥልቀት የሌለው። ከላዩ የሚቀባውም አንጸባራቂ አይሁን፣ ያንሸራትታል።»

«አቤት ብልህነት! እኔን ታሠለጥኚኛለሽ» አለ ሚልኪያስ። ከልቡ ነበር።

ጋሽ ደገፋ ያንን ጥያቄ የጠየቁት ይኼኔ ነው። ሠላሳ ዓመት መንገድ ሥራ ላይ መሬት ሲያስጠቀጥቁ የኖሩ፣ አሁን ደግሞ ፊት ለፊት ያለውን ወፍጮ ቤት የሚጠብቁ ሰው ናቸው። በሩ ላይ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመው፣

«ከሥሩ ምን አለ?» አሉ።

«ከምኑ ሥር፣ ጋሼ?»

«ከጌጡ ሥር።»

ወርቅያንጥፉ ሚልኪያስን አየችው። ሚልኪያስ በተረከዙ መሬቱን ደበደበው። ግንቦት ነበርና የደረቀው ዋልካ ኳ ኳ አለ።

«ይስሙት እንጂ፤ ድንጋይ እኮ ነው! ምኑ ይቆፈራል?»

«ልጄ፣ ዋልካ ግንቦት ላይ ድንጋይ፣ ሐምሌ ላይ ሊጥ ነው» አሉ ጋሽ ደገፋ። «ውሃ ሲጠጣ ይነሳል፣ ሲደርቅ ይቀመጣል። ሲነሳ ደግሞ ላዩ ያለውን ይዞ ነው የሚነሳው። እስከ ጉልበት ቆፍረህ አውጣውና ጠጠራማውን አፈር፣ ገረጋንቲ፣ ሙላበት። ውሃ እያርከፈከፍክ በየድርቡ ጠቅጥቀው። ሃያ ቀን ይበቃሃል።»

«ሃያ ቀን! እኔ በአራት ቀን ነው የማስረክበው። ጋሼ፣ እዚህ እኮ ታንክ አያልፍም፤ አንዲት ልጅ ናት የምታልፈው!»

ሁሉም ሳቀ። እማማ ድንቄማ «ደገፋ እንደሁ ሠርግ ቤት ተጠርቶም ከምንጣፉ ሥር ምን አለ ማለቱ አይቀርም» ብለው ሳቁን አባባሱት።

ወርቅያንጥፉ አልሳቀችም፤ ሰማይ ሰማይ ታያለች። በስተምሥራቅ ዳመና መሰብሰብ ጀምሯል። ዝናቡ ቢቀድመኝስ? ልጄ በቃሏ ብትጸናስ? ሃያ ቀን የሚሉት ነገር ሃያ ዓመት ሆኖ ታያት። «በአራት ቀን ጨርስልኝ» አለችው ሚልኪያስን። ጋሽ ደገፋም ወደ ወፍጮ ቤታቸው ተሻገሩ።

ሚልኪያስ ቃሉን ጠበቀ። በአራተኛው ቀን ከበር እስከ በር ዓመድማ ጥርብ ድንጋይ የመሰለ ደጅ ተዘረጋ። እንዴት እንዳማረ! ሊያዩ የመጡ እንግዶች ጫማቸውን አጥሩ በር ላይ እያወለቁ ገቡ። ረድኤት ከጥግ ጥግ እየተንሸራሸረች ሳቀች። ሚልኪያስም የጓሮውን መተላለፊያ በሳምንቱ መጥቶ ሊሠራ ማተሚያ ላስቲኮቹን እዚያው ትቶ ሄደ።

በሳምንቱ አልመጣም። ዝናቡ ግን መጣ።

ሰኔ በደህና አለፈ። ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ሳምንት እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ታየ። በአምስተኛው ቀን ጣት ያስገባ ጀመር። ከዚያ የንጣፉ አንዱ ወገን ቀና ብሎ ከሌላው ከፍ አለ። ረድኤት በወንበሯ ስትወጣ የፊት ጎማው ያንን ጠርዝ መታና ልጅቷን ወደፊት ወረወራት። ወርቅያንጥፉ እየጮኸች ሮጠች።

«አታንሺኝ!» አለች ረድኤት፣ ጉንጯ በዚያ ውብ ድንጋይ ላይ እንዳለ። «ራሴ እነሳለሁ።»

በክርኖቿ እየተጎተተች ወንበሩ ጋ ደረሰችና ተነሳች። አላለቀሰችም። ቤት ገብታ ለመስከረም ያዘጋጀቻቸውን የዘጠነኛ ክፍል መጻሕፍቷን አንድ በአንድ ካርቶን ውስጥ ከተተችና ካርቶኑን አልጋ ሥር ገፋችው። ይህ ለእናቲቱ ከለቅሶ የባሰ ነበር።

ወደ ሚልኪያስ ደወለች። «ነገ እመጣለሁ እትዬ» አላት። በሦስተኛው ቀን ስትደውል «ሐዋሳ ትልቅ ሥራ ይዣለሁ፤ ደግሞስ ያጠፋው አፈሩ ነው እንጂ እኔ ምን አጠፋሁ?» አለ። ከዚያ በኋላ ስልኩ አልሠራም።

ወርቅያንጥፉ መንገዱን ተሻግራ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ከሥሩ ምንም አልነበረም።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«አሁን ያሳዩኝ።»

«በክረምት ዋልካ አይቆፈርም። ጥቅምት ይድረስ።»

«መስከረም ላይ ልጄ በዚያ በር ትወጣለች። በእጄም ቢሆን እቆፍረዋለሁ።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን አነሱ። «እንግዲያው ሸራ ፈልጊ» አሉ። «ሰፊ ሸራ። ከሁሉ በፊት የውሃ መውረጃ ቦይ እናወጣለን። ውሃውን ሳታባርሪ አፈሩን አትነኪም።»

ወርቅያንጥፉ ትልቅ መዶሻ ተውሳ ንጣፉን መስበር ስትጀምር እማማ ድንቄ በግድግዳው ላይ ብቅ አሉ።

«ኧረ በወላዲቷ! ያንን የመሰለ አበባ?»

«አበባው ልጄን ጣላት፣ እማማ» አለችና መዶሻውን መልሳ አነሳች።

እማማ ድንቄ ከሰዓት በኋላ አካፋ ይዘው መጡ። በማግሥቱ የሰፈሩ ሰው ደቦ ወጣ። በሸራው ሥር ዋልካውን ከበር እስከ በር፣ ወንበር በሚያሳልፍ ስፋት፣ እስከ ጉልበት ድረስ አወጡት። ገረጋንቲው በመኪና መጣ። አንድ ስንዝር ይሞላሉ፣ ውሃ ያርከፈክፋሉ፣ ከባዱን የብረት መጠቅጠቂያ እያነሱ ይጥላሉ። ጋሽ ደገፋ የብረት ዘንግ ይዘው ይመጡና መሬቱን ይወጋሉ። ዘንጉ ከጣት አንጓ ካለፈ «እንደገና» ይላሉ።

«ጋሼ፣ አራተኛዬ እኮ ነው!»

«አምስተኛው ይቀርሻል። እንደገና።»

የወርቅያንጥፉ መዳፍ ፈነዳ፤ በጨርቅ ጠቅልላ ቀጠለች። ልጅቷ በመስኮት ታያት ነበር። የመጨረሻው ድርብ ሲጠቀጠቅ ረድኤት በረንዳው ላይ ወጥታ ዘንጉን ለመነችና ከወንበሯ ጎንበስ ብላ ባላት ኃይል ወጋች። ዘንጉ ነጥሮ ተመለሰ።

«አልገባም!» አለች።

«እንግዲህ አሁን አስጊጪው» አሉ ጋሽ ደገፋ። «ይህን እኔ አልችልበትም።»

ረድኤት ግን ሚልኪያስ ሲሠራ አንድ በአንድ አይታ ነበር። መስከረም ሲጠባ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት ቀን ኮንክሪቱ ፈሰሰ። ልጅቷ ከበረንዳው ሆና ታዝዛለች። «መጀመሪያ ዱቄቱን በትኑ፣ አለዚያ ላስቲኩ ይጣበቃል! እማ፣ በእኩል ጫኚው፣ አትወዝውዢው! እማማ ድንቄ፣ እግርዎን!» ሚልኪያስ ትቷቸው በሄደው ላስቲክ ያንኑ ጥልቀት የሌለውን መልክ አተሙበት። በአንድ ቦታ ጠመመ፣ በአንድ ቦታ ደበዘዘ። በእርጥብ ጆንያ ሸፈኑትና ጠዋት ማታ ውሃ ያጠጡት ጀመር። ጋሽ ደገፋም «ሳምንት ሳይሞላው ጎማ አይነካውም» አሉ።

ሰኞ ትምህርት ተከፈተ። ኮንክሪቱ ከፈሰሰ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። የተማሪዎቹ ጫጫታ ከመንገዱ ሲሰማ ወርቅያንጥፉ አላስችል አላት።

«ጋሼ፣ ልጅቷ ቀላል ናት። ቀስ ብላ ብታልፍስ?»

እሳቸው መልስ ከመስጠታቸው በፊት ረድኤት ከውስጥ መለሰች።

«እማ፣ አራት ቀን ይቅርብኝ። የምሄድበት እኮ አራት ዓመት ነው።»

ወርቅያንጥፉ አንገቷን ደፋችና ጆንያውን ውሃ ልታጠጣ ሄደች።

ዓርብ ጠዋት ጆንያው ተነሳ። ረድኤት ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከቤቱ በር እስከ አጥሩ በር ማንም ሳይገፋት ወጣች። ባጃጁ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ፣ «እማ፣ ምሳዬን ረሳሽው!» ብላ ጮኸች። እናቲቱ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች ምሳውን ይዛላት ሮጠች።

የሚቀጥለው ክረምት መጣ፣ ሄደ። ጠማማው ማኅተም ጠማማ እንደሆነ፣ ንጣፉ ግን ከነበረበት የፀጉር ያህል እንኳ ሳይነቃነቅ ቀረ። ሚልኪያስ ላስቲኮቹን ለመውሰድ እንኳ አልተመለሰም። ጋሽ ደገፋ ግን ዝናብ በዘነበ ቁጥር መንገዱን ተሻግረው የውሃ መውረጃውን ቦይ በከዘራቸው ይጠርጋሉ። አንድ ቀን ልጇን የምትድር አንዲት የሰፈር ሴት፣ ከሁለት ጠያቂዎች ማንኛውን ልምረጥ ብላ እማማ ድንቄን አማከረቻቸው። እማማ ድንቄ ቦዩ ላይ ጎንበስ ያሉትን ሽማግሌ በአገጫቸው አመለከቱና፣ «እኔን አትጠይቂኝ፣ ያንን ደጅ ጠይቂ፤ አሳማሪ ሄደ፣ ጠቅጣቂ ቀረ» አሏት።